የሦስት ሰው ባቡር

ሰውየው ከአዲስ አበባ፣ በግንቦት ሐሩር መጣ፤
ሸሚዙ ጀርባው ላይ ሙጫ፣ ላቡ በአንገቱ የወጣ፤
ሳቢያን፣ እኛ በረንዳ ላይ፣ ሁለት ሃይላንድ ውሃ ጠጣ፤
ጓዳውን አሻግሮ አየና፣
"ዋናው ማሽን የታለ?" አለኝ።
"የቱ ዋና?"
"ከተማችሁ ያለበት። አዛዡ። እናትዬው።"

ምን ብዬ ላስረዳው?
ድልድዩ እኔ ጋ ነው፣ ማራገቢያው በሚያቃስት፣
ሁለት ቁልፍ በወለቀበት፣ በዚህ አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ።
መጋላ፣ ከነቅመም ተራው፣ ረምዚ ስልክ ላይ ያድራል፤
መስታወቱ ስለተሰነጠቀ እሱ ዘንድ ፀሐይ መንታ ናት።
የከዚራን ዛፎች ጸዳለ ይዛለች፣ ከነጥላ፤
ገንደ ቆሬን ኢፍቱ፤
ለገሃሬን ዋርሳሜ። እሱን በኋላ።

"ዕቁብ ነው" አልኩት በመጨረሻ፤ "ዳኛ ያልሾመ ዕቁብ።"
ሳቀ። "እሱማ የሌባ ነው፤ ማን ጽፎ፣ ማን ሊሰበስብ?"

ልክ ነበር። እኛም ፈርተን ነበር።
የመጀመሪያው ሳምንት ሁሉ ለሁሉ ያወራ ነበር፤
ኢፍቱ አንድ እርምጃ ስትራመድ
የሁላችንም ስልክ በኪሳችን ጭናችንን ይጠብሰን ነበር፤
የወር ጥቅላችን በአንድ ሌሊት አለቀ።
ከዚያ ረምዚ፣ "አቦ፣ ሰፈር አታውቁም እንዴ?" አለ፤
ሕጉን በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ጻፈው፦

አጠገብህ ላለው ንገር፤ እሱ ለአጠገቡ ይንገር፤
የማዶው ሰው የሚያገባህ፣ ድልድዩን ስትሻገር።

ይህን ያህል ነው ጥበባችን።
ከዚያ በኋላ አራት መቶ ሰው ገባ፤ አንድም ስልክ አልጋለ።

ፀብ ግን አልቀረም።
አንድ ማታ ደቻቱ አሸዋ ላይ፣ ውሃ በሌለው ወንዝ፣
ረምዚ መታት። በእኔ ዓይን ገብታለች፤
በዋርሳሜ ዓይን፣ በሁለት እጁ ታቅፏታል።
ማንም አልዋሸም። በመካከላችን ግማሽ ሰከንድ አለች፤
ግማሽ ሰከንድ ደግሞ፣ በኳስና በመረብ መካከል፣ ሰፊ አገር ናት።
ፊሽካ የሚነፋ የበላይ የለ፤
በቅርብ የቆሙት አምስት ሰዎች ተጠየቁ፤ ሦስቱ "ገብታለች" አሉ።
ዋርሳሜ እስከ ዛሬ፣ "ወላሂ አልገባችም" ይላል።

ሳቢያን መብራት ሲጠፋ ድልድዩ አይወድቅም፤
ግማሹን ጸዳለ ትሸከማለች፣ ግማሹን ረምዚ፤
እኔ በጨለማ ተቀምጬ
በሌለሁበት ድልድይ ላይ የሰው ኮቴ እቆጥራለሁ።
ስመለስ ይመልሱልኛል፣ አንድ ድንጋይ ሳይጎድል።
(አንዴ አንድ የመብራት ምሰሶ ጎደለ።
ማን ጋ እንደቀረ እስካሁን አልታወቀም።)

ኢፍቱ ጎርፍ የወሰደውን ቤታቸውን መልሳ ሠርታዋለች፤
ቅጂው አምስታችንም ጋ አለ፣ አደራ ብላን።
በሩን ግን አንድ ቀን ከፍታው አታውቅም።

ዋርሳሜ ጥር ላይ ጅቡቲ ወደብ ሥራ አገኘ።
ከመሄዱ በፊት፣ ሌሊቱን ሙሉ፣
አባቱ ሠላሳ ዓመት መፍቻ የያዘበትን ጋራዥ ፈታ፤
ሞተሩን ለረምዚ ሰጠ፣ ፉርጎዎቹን ለኢፍቱ፣
ሐዲዱን ለእኔ።
"ሙሉውን ለአንድ ሰው አልሰጥም" አለ፤
"አንድ ሰው ይሄዳል። እኔን አታዩም?"

"እና ባቡሩ?" አለ ሰውየው።
"የሚመጣው የሦስታችንም መብራት የበራ ለታ ነው።
አንዳንዴ በሳምንት፤ አንዳንዴ ወር ይሞላል።"
ደብተሩ ላይ ጻፈ፣ ሰረዘ፣ ደግሞ ጻፈ፤
"ማዕከል" ከሚለው ትይዩ ባዶ ቦታ ትቶ
በባጃጅ ሄደ።

ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል። የረምዚ መብራት መጣ፤
የኢፍቱ ቀድሞ በርቷል።
እኔ ገና በባትሪ ነኝ፤ አሥራ አንድ በመቶ።
ሐዲዱ ይንቀጠቀጣል።